የዳርጌ እምቢታ

ዳርጌ እህቱን ሙሉሽን ከቤት ያስወጣት ባሏን በቀበረች ሰሞን ነው። ሟቹን ኤችአይቪ እንደገደለው፣ ቫይረሱ በእሷም ደም ውስጥ እንዳለ ጂንካ ሙሉ ሰምቷል። ፍራሿን ደጅ አውጥቶ ጋዝ አርከፍክፎ አቃጠለው።

«ሁለተኛ እዚህ ቤት እንዳትረግጪ!» አላት፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ።

ሙሉሽ ቱርሚ ወርዳ ሆቴል ቤት ወጥ ሠሪ ሆነች። መድኃኒቷን እየዋጠች ሃያ ዓመት ኖረች፤ ቂሟም አብሯት ኖረ። ዳርጌ በበኩሉ የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ ከፈተ፣ በቤተ ክርስቲያኑም ሽማግሌ ሆኖ ተመረጠ። ለንግድ ነው እያለ በቱርሚ መንገድ ላይ ወዳለችው ቀይ አፈር ከተማ ብቅ ማለቱን ትሰማለች። ቱርሚ ድረስ ግን አንድም ቀን አልወረደም።

ባለፈው ክረምት ድካምና ትኩሳት ጣላት። አዲስ አበባ ተልካ ስትመረመር የደም ካንሰር ሆኖ ተገኘ።

«መድኃኒትሽን ሳታቋርጪ ስለወሰድሽ ቫይረሱ ከመታከም አያግድሽም» አላት ሐኪሙ። «ሕንድ አገር የሚሰጥ ሕክምና አለ። ከጤነኛ ወንድም ወይም እህት ስቴም ሴል የሚባል ደም የሚያመነጭ ህዋስ ተወስዶ ለአንቺ ይሰጣል። ከገጠመ የመዳን ዕድል አለሽ። ወንድም አለሽ?»

«አንድ አለኝ» ብላ ፈገግ አለች። ሐኪሙ ደስ ያላት መሰለው።

ጂንካ ከአውቶቡስ እንደወረደች በቀጥታ ወደ ዳርጌ ሱቅ ሄደች። ድሮ ጋሽዬ ትለው ነበር።

«ዳርጌ፣ ተመርመርልኝ። ደምህ ከደሜ ከገጠመ እድናለሁ።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «ሌላ ነገር ጠይቂኝ። ከፈለግሽ ሱቁን ሽጬ ላሳክምሽ። ይሄን ግን አልችልም።»

«አትችልም ወይስ አትፈልግም?»

ፊቱን አዙሮ ሚስማር መመዘን ጀመረ። እሷም የምትጠብቀው ይህንኑ ነበር።

እሑድ በዳርጌ ቤተ ክርስቲያን ጸሎቱ ሲያበቃ «ምስክርነት አለኝ» ብላ በጉባኤው ፊት ቆመች።

«ይህ ሽማግሌያችሁ ያኔ ፍራሼን አቃጠለ። ዛሬ ደግሞ ደሙን ሰስቶ ሊቀብረኝ ነው። ውሸት ከሆነ ጠይቁት!»

ጠየቁት። ዳርጌ አንገቱን ደፍቶ ወጥቶ ሄደ።

ሳይውል ሳያድር ከሽምግልናው አወረዱት። ደንበኞቹ ሱቁን አልፈው መሄድ ጀመሩ። ሚስቱ ትጊ ልጆቿን ይዛ ገዘር ከተማ እናቷ ዘንድ ገባች። ሙሉሽ ወዳጇ ሳምሪ ቤት ተቀምጣ ወሬውን እየተከታተለች አጣጣመችው። ከታመመች ወዲህ እህል በወጉ የበላችው ያን ሰሞን ነው።

«አሁን ብሞትም አይቆጨኝም» አለቻት ሳምሪን።

በገበያ ቀን ወደ ቱርሚ በሚወርድ አይሱዙ ተሳፈረች። ቀይ አፈር ላይ ሾፌሩ ዕቃ ሲያራግፍ፣ መድኃኒቷ ሊያልቅ መሆኑ ትዝ አላትና ጤና ጣቢያ ገባች። ነርሷ ካርዷን አይታ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚታደልበትን ክፍል አሳየቻት።

«አግዳሚው ላይ ተቀመጪ፣ እናቴ። ከፊትሽ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ባዶ የመድኃኒት ብልቃጡን ጭኑ ላይ ይዞ ተራውን የሚጠብቀው ዳርጌ ነበር።