ጳጉሜን የማያውቀው ፈረንጅ

«ቆዪ! እንዳታጠፊው!» እያልኩ ነው የፓምፕ ቤቱን በር በርግጄ የምገባው። ጀሪካኔ ከእጄ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ይንከባለላል። ዘበኛው ጋሼ ባንተአምላክ ዱላቸውን ይዘው እያለከለኩ ከኋላዬ ይደርሳሉ።

«አንቺ ምላሳም! ከባሕር ዳር ድረስ የመጣችን ኢንጅነር አንቺ ትያታለሽ?»

«ይተዋት» ትላለች ኢንጅነሯ። «አንቱ ብትለኝ ነበር የምቀየማት።» እስከዳር ትባላለች፤ ደረቷ ላይ ተጽፏል። አንድ እጇ ማጥፊያው ላይ ነው። አዲሱ መቆጣጠሪያ እግሯ ሥር ካርቶኑ ላይ ተቀምጧል፤ የእኔን ምሳ ዕቃ አያክልም።

አሮጌው ደግሞ ግድግዳው ላይ ካለው የብረት ሳጥን ውስጥ ቀይ መብራቱን ያርገበግባል። የሞጣን ውኃ ከጉድጓድ ወደ ታንከር የሚገፋውን ሞተር ተነስ፣ ተኛ የሚለው እሱ ነው። አባዬ «ፈረንጁ» ይለው ነበር።

«የየኔሰው ልጅ ናት» ይላሉ ጋሼ ባንተአምላክ። «እዚህ ይሠራ የነበረው እሱ ነው። ኅዳር ላይ አረፈ።» ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ እኔ ጆሮ የሌለኝ ይመስል። «ሳይሞት ነካክቶ ያበላሸውም እሱ ነው አሉ።»

«አሉ? ከእርስዎ ሌላ ማን አለ?»

«አይ ልጅ! ጥጋብሽ!»

እስከዳር ግን አትስቅም። ትንሿን ስክሪን ታሳየኛለች። «ነገሩ ግራ አጋብቶኛል። ዓመቱ የእኛ ነው፤ ሰዓቱም የእኛ ነው። ቀኑ ግን የእኛም የፈረንጅም አይደለም። በዚያ ላይ በየወሩ አንድ ጠዋት ሞተሩን ዝም ብሎ ያቆማል። ይኸው ዛሬም አቁሟል። ሪፖርቴ ላይ ባለሙያው አበላሽቶታል ከማለት ሌላ ምን እላለሁ?»

ለዚህ ነው ቦኖው ላይ ወሬውን ሰምቼ ሮጬ የመጣሁት። ጣቴን ስክሪኑ ላይ አደርጋለሁ።

«ቀኑ ሃያ ሦስት ይላል አይደል? ጊዮርጊስ መስሎት እኮ ነው የቆመ።»

ቤተ ክርስቲያኑ ከፓምፕ ቤቱ በላይ ነው፤ አጥር ነው የሚለየን። በየወሩ በጊዮርጊስ ቅዳሴ እስኪወጣ ሞተሩ እንዳያጓራ አባዬ ነው ያስተማረው። ግን ፈረንጁ የእኛን ወር አያውቅም። አንዱን ወር ሠላሳ አንድ ያደርገዋል፤ ጳጉሜን ደግሞ ጭራሽ አልሰማም። ስለዚህ ልደታ በመጣ ቁጥር አባዬ እኔን አስከትሎ ይመጣል፣ ጣቴን ይዞ የቀኑን ቁልፍ ያስጫነኛል። «በይ ንገሪው፣ ዛሬ አንድ ነው» ይለኛል። አባዬ ሲሞት መሥሪያ ቤቱ የበሩን ቁልፍ ቀየረ። ለፈረንጁ የሚነግረው ጠፋ።

የአባዬ አርባ የዋለው በጊዮርጊስ ነበር፤ ፈረንጁ ግን ገና ሃያ ሁለት ላይ ነው። ቄሶቹ ፍትሐት ሲያደርሱ ሞተሩ ከአጥሩ ሥር ያጓራል። ስሙን ሲጠሩት እንኳ አልተሰማም። እናቴ አንገቷን ደፍታ ታለቅሳለች፤ እኔ ሞተሩን ነበር የምሰማው። አባዬ በእርግጥ እንደሌለ የገባኝ ያኔ ነው። ቢኖር ዝም ያሰኘው ነበር።

እስከዳር ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ወሮቹን በጣቷ ትቆጥራለች። ስትጨርስ እጇን ከማጥፊያው ላይ ታነሳለች።

«ከኅዳር ወዲህ አራት ቀን ወደ ኋላ ቀርቷል። ዛሬ ግንቦት ሃያ ሰባት ነው። ንገሪው እስቲ።»

እጄን ቀሚሴ ላይ እጠርጋለሁ። ቁልፏ መሀሏ ተበልቶ ጎድጉዷል፤ የአባዬ ጣት የበላው ነው። እጫናለሁ። እንደገና እጫናለሁ። ቁጥሩ ሃያ ሰባት ላይ ሲደርስ ሳጥኑ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ ይላል፣ መሬቱ ይንቀጠቀጣል፣ ሞተሩ አጓርቶ ይነሳል። ጋሼ ባንተአምላክ ያማትባሉ።

«አልተበላሸም» ትላለች እስከዳር፣ ጆሮዬ ላይ እየጮኸች። «እንዲያ ብዬ ነው የምጽፈው።»

«እንግዲያው ተይው!»

ሳጥኑን በመዳፏ መታ መታ ታደርጋለች። «አርጅቷል፣ እህቴ። መለዋወጫው ከቀረ ቆየ። ነገ ቢሞት ከተማው ውኃ ያጣል። አዲሱ ላይ ጊዮርጊስን አስገባለታለሁ፣ ቃሌ ነው። ይሄኛው ቀኑን ከኔትወርክ ይወስዳል፤ በልደታ እየመጣ የሚነግረው ሰው አያስፈልገውም።»

ደስ ሊለኝ ነበር የሚገባው። ጋሼ ባንተአምላክ እንኳ «ተመስገን» ይላሉ።

«ላጥፋው?»

 በእሺታ አንገቴን እነቀንቃለሁ።

ታጠፋዋለች። ሞተሩ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ ይቆማል። ቀዩ መብራት አንዴ ቦግ ብሎ ይጠፋል። ስክሪኗ ላይ ሃያ ሰባት የነበረበት ቦታ ባዶ ይሆናል። ቢያንስ ትክክለኛው ቀን ላይ ነው የሞተው።

እስከዳር ብሎኑን ፈትታ ፈረንጁን ከግድግዳው ታወርደዋለች። «ለመሥሪያ ቤቱ የሚመለስ ነው። እስክጨርስ ያዥልኝ።»

ጀሪካኔን ገልብጬ እቀመጥበታለሁ፤ እሱን ጭኔ ላይ አደርገዋለሁ። ገና ትኩስ ነው። አዲሱ አረንጓዴ መብራቱን አብርቶ፣ ማንም ሳይነግረው፣ ቀኑን ይጽፋል። እኔ የነጠላዬን ጫፍ ፈትቼ አሮጌውን እጠቀልለዋለሁ፤ ቶሎ እንዳይቀዘቅዝ።