የሶልያና እናት አምስት ጥያቄዎች

ባለፈው ወር በጤና ጣቢያው የአንዷ ሕፃን ክትባት ለሌላዋ ተሰጥቶ ነበር። ደግነቱ ማንም አልተጎዳም። ነርሶቹ ግን ነገሩን ሸፋፍነው አላለፉትም፤ እናቶችን ጭምር ሰብስበው፣ "የት ላይ ተሳሳትን? እንዳይደገምስ ምን እናድርግ?" ብለው ተወያዩ።

ከዚያን ቀን ወዲህ የሶልያና እናት እንቅልፍ አልወሰዳትም። ዛሬ በጎልማሶች ትምህርት በለመደችው ፊደል አምስት ጥያቄዎች ጽፋ፣ ሶልያናን ልታስከትብ ወደ ነርሷ ወደ ሲስተር ትርሲት መጣች፤ ወረቀቱን በጣቷ እየተከተለች ታነብ ጀመር።

"እጅዎን ታጥበዋል?"

"አሁን ታጠብኩ።"

"መርፌው አዲስ ነው?"

"ይኸው፣ እያዩኝ ማሸጊያውን ልቅደደው።"

"መድኃኒቱ ጊዜው አላለፈም?"

ሲስተር ትርሲት ሳቋን ዋጥ አደረገች። "ኧረ እናት፣ ከጤና ቢሮ የመጣ ተቆጣጣሪ እንኳ እንዲህ አላፋጠጠኝም!"

"ይቅር ይበሉኝ ሲስተር፤ አንድ ለእናቷ ስለሆነች ነው።"

አምስቱም ጥያቄዎች ተመለሱ። እናቲቱ እፎይ ብላ ወረቀቱን አጠፈች።

"አሁን ደግሞ ተራው የእኔ ነው" አለች ሲስተር ትርሲት። "እኔም ከዚያ ስህተት የተማርኩት አለ፤ የልጅ ፊት ሳላይ አልወጋም። እስቲ ያውርዷት።"

እናቲቱ አንቀልባውን ፈታች። ጠዋት ዓይኗን ከወረቀቱ ሳትነቅል ነበር፣ ከጎረቤቷ ሕፃን ጎን የተኛችውን ልጇን ብድግ አድርጋ ያዘለቻት።

ከአንቀልባው የወጣው የጎረቤቷ ልጅ ዮፍታሔ፣ ባሉት አራት ጥርሶች ሳቀላት።