መሀል ላይ ያለችው ሽቦ

ሁለቱን ባትሪዎች የምታያይዘው አጭር ሽቦ እኔ ኪስ ውስጥ ካለች፣ መብራቱ በምን በራ?

ያለ እሷ የጀልባው ሞተር አይነሳም። ሐይቁ ልጄን በላብኝ፤ በልጅ ልጄ ደግሞ እንዳይደግመኝ ብዬ ጠዋት ፈትቼ ሹራቤ ኪስ ውስጥ ሸጎጥኳት።

የልጅ ልጄ መቼ አየች። የባትሪ መሞከሪያ አምፖሏን ይዛ ባትሪዎቹ ፊት ቁጢጥ አለች።

«ነፋስ አለ፣ የኔ ልጅ። ነገ ብትሄጂስ?»

«አንቺ እኮ እማማ፣ የባልዲ ውሃም ያስፈራሻል» ብላ ሳቀች። «አባባ ቢሰማሽ ይስቅብሽ ነበር።»

አባቷ፣ ሐይቁ የበላው ልጄ፣ ሽቦ አስሮ ሲጨርስ ባትሪውን በጣቱ ሁለቴ ቋ ቋ ማድረግ ይወድ ነበር።

የአምፖሉን አንድ ሽቦ ከወዲህኛው ባትሪ፣ ሌላውን ከወዲያኛው አስነካች። አልበራም። እፎይ አልኩ።

ያኔ ባትሪው ሁለቴ ቋ ቋ አለ። ሁለቱም እጆቿ አምፖሉን እንደያዙ ናቸው። ሽቦዋ ኪሴ ውስጥ ሞቀች፤ መብራቱም ቦግ አለ።

ልጅቷ በባትሪዎቹ መሀል ያለውን ባዶ ቦታ አየች፤ ቀጥላ እኔን። ባትሪዎቹን ጋሪው ላይ ጫነች። በሩን ከፍታ፣ እኔ ካለሁበት ሳልንቀሳቀስ፣ ታላቅ ሰው እንደሚያሳልፍ ሰው ወደ ጎን ቆመች። ከዚያ ጋሪውን እየገፋች ተከትላው ወጣች።