የጉበት ዋስ

በዚያ ዘመን ጸረ ተሕዋስያን መድኃኒት ሲታዘዝ ዋስ ይጠራ ነበር። ክኒኑን የሚውጠው ታማሚው ነው፤ ጉዳቱ ግን፣ ከመጣ፣ የሚወርደው በዋሱ ጉበት ላይ ነው። ብዙ ጊዜ አይመጣም። አስናቁን የሳንባ ምች ሲጥላት ታላቅ ወንድሟ ይሄነው እየሳቀ የፈረመላትም ለዚህ ነበር።

አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ ይሄነው ፍርፍሩን ገፋ አደረገው። ክንዱን እያከከ ወደ መስኮቱ ሲዞር የዓይኑ ነጭ ቢጫ መሆኑን አየች።

«ጋሼ፣ ዓይንህ...»

«አውቃለሁ። መስታወት አለኝ እኮ።»

«ተነስ፣ ለሐኪሙ እንንገረው!»

«ከነገርነው ዋስትናዬን ይሰርዛል፤ መድኃኒቱም ይቆማል። ሌላ ማን አለሽ?»

ማንም አልነበራትም። ሳሉ ደግሞ ደረቷ ውስጥ አሁንም እንደ ታሰረ ውሻ ያጉረመርማል።

«በይ ዋጪ። በልጅነትሽም መድኃኒት ሲባል አልጋ ስር ነበር የምትገቢው» አለና ውሃውን አቀረበላት።

አስናቁ ክኒኑን ምላሷ ላይ አኖረችው። አፈር አፈር አላት። ዋጠችው።

ከጠረጴዛው ማዶ ይሄነው የመረረው እሱን ይመስል ፊቱን አጨፈገገ፤ ቀኝ ጎኑንም በመዳፉ ደገፍ አደረገው። ከዚያ ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«ጎበዝ» አላት።