የአሥር ቀን አረም

«ለቆራጮቹ ስንት ከፈሉ?» ይለኛል ያረጋል፣ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ ደቅኖ።

«ምንም። በወንፈል ነው ያስቆረጥሁ።»

ከእንጨት የመኪና ነዳጅ የሚሠራ ፋብሪካ በቡሬ በኩል ሊቆም ታስቧል አሉ። ያረጋል የመጣው አንድ ኩንታል ባሕር ዛፍ አስፋልት ዳር እስኪደርስ ስንት እንደሚያስወጣ ሊያጠና ነው። ከማንኩሳ ገበሬ ሁሉ ለናሙና የወጣሁት እኔ ነኝ። ባሏ የሞተባት እጅጉ የምትናገረው ዋጋ የቀበሌው ዋጋ ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ሹመት ሰጥቶኝ የሚያውቅ የለም!

«ጉልበት፣ ዜሮ» እያለ ሊጽፍ ያጎነብሳል።

ዓይኔ ጤፌ ላይ ያርፋል። አረም ውጦታል። አምስት ጎረቤቶቼ ሁለት ሁለት ቀን ቆረጡልኝ፤ እኔም ብድራቸውን ለመመለስ ክረምቱን የአምስቱን ጤፍ ሁለት ሁለት ቀን ሳርም ከረምሁ። የራሴ ሳይታረም ቀረ። ምንም ያልሁት ይኼን ነው።

«ቆይ ልጄ፣ አትጻፍ!»

ከቆራጮቹ አንዱ አያ ዘሩ አጠገቤ ተቀምጠዋል። ነጠላዬን ይጎትታሉ። «አንች፣ አታስወድጅ፤ ጥለውን ይሄዳሉ።»

እፈራለሁ። ፋብሪካው ከቀረ ዛፌን የአጣና ነጋዴው በቁሙ፣ ደስ ባለው ዋጋ ይወስደዋል። ጉልበቴን በዜሮ ቆጥሮ ከመጣ ደግሞ በየዓመቱ ጤፌን ለአረም ልሰጥ ነው።

«ለቆረጡልኝ አሥር ቀን አርሜላቸዋለሁ» እለዋለሁ።

ያረጋል ቀና ይላል። «የአንድ ቀን አረምዎ ስንት ያወጣል?»

በዕድሜዬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ለወንድ የቀን ሠራተኛ የሚከፈለውን እጠራለሁ። እሱ ያባዛል፣ ይደምራል።

«ካሰብነው ወደድ ብሏል» ይላል። ይቀጥላል፦ «ግን ፋብሪካው የትም ቢሄድ እንጨቱን ሰው ነው የሚቆርጥለት። የማቀርበው ይኼን ነው። በዚህም ያዋጣቸዋል ብዬ አስባለሁ።»

ደስታዬን መደበቅ ያቅተኛል። አያ ዘሩ ደግሞ ወደ ወረቀቱ ጠጋ ይላሉ።

«እኔስ ልጄ? በሰው ደን ስንት ቀን ውያለሁ?»

«ይቁጠሩታ» ይላቸዋል፣ አዲስ ገጽ እየገለጠ።

በጣታቸው ይጀምራሉ፤ የእነ ይርሳው፣ የእነ አደይ፣ የቄሱ... የሁለት እጃቸው ጣት ያልቃል፤ እሳቸው ገና ይቆጥራሉ።