ብልጭ ጥፍት

"ይሄን ጉድህን እኛ ቤት አትሰካም አልኩህ!" አለች ትርሲት።

"አንቺ ደሞ! የናይት ክለብ መብራት እኮ ነው። ራሴ ነኝ የሠራሁት።"

"እሱ ነው እኮ ያስፈራኝ።"

ከተበላሸ ቻርጀርና ከአሮጌ ሬድዮ እየፈታ፣ ጣቱን በብየዳ ካውያ እየለበለበ ሦስት ቀን ለፍቶበታል። ዓመት ሙሉ "ወንድሜ" እያለች ገድላዋለች። ዛሬ በልደቷ እስክስታውን አይታ ካልወደደችው በቃ፣ ወንድሟ ሆኖ መቅረቱ ነው።

ለምኖ ለምኖ ሰካው። ቤቱ ብልጭ ጥፍት፣ ብልጭ ጥፍት ሲል ሰዉ አበደ። እሱም ሶኬቱ አጠገብ ቆሞ ትከሻውን ለቀቀው፤ አንገቱ ወዲህ፣ እጁ ወዲያ። ወዲያው ሁሉም መጨፈሩን ትቶ እሱን ብቻ ማየት ጀመረ። ትርሲትም እየመጣች ነው! ብልጭ ሲል በሩ ጋ ነበረች። ጥፍት ብሎ ብልጭ ሲል መሀል ቤት ደርሳለች። እንደገና ብልጭ ሲል አፍንጫው ሥር ናት፣ የመወልወያ እንጨት ይዛ።

ትከሻው ላይ አሳረፈችበት።

"ኧረ ምን አረኩሽ?!"

"ኮረንቲ የያዘህ መስሎኝ ነዋ!"

"እየጨፈርኩ እኮ ነው!"

"ይሄ ጭፈራ ከሆነማ ኮረንቲው ይሻልህ ነበር።"