የሸሸው ወታደር ፍርድ

በጥንቷ ቻይና፣ ከተራ ጸሐፊነት ተነስቶ የጦር አዛዥ፣ ኋላም የአውራጃ ገዥ ለመሆን የበቃ ሰው ነበር። ለሹመት ያበቃው በአንድ የወንዝ ዳር ጦርነት ሠራዊቱ ሁሉ ሲያልቅ እሱ መትረፉ ነው። እስከ መጨረሻው ብቻውን ሲዋጋ እንደቆየ ንጉሠ ነገሥቱ አምነውለታል።

ከሃያ ዓመት በኋላ ሼን ሉ የሚባል ሽማግሌ አስረው አመጡለት። ከዚያው ጦርነት ሸሽቷል ተብሎ ነው፤ ቅጣቱ ሞት ነው።

ገዥው ቀና ብሎ ሊያየው አልደፈረም።

«ሸሽተሃል?» አለው።

«አዎ ጌታዬ። ሦስት ቀን ሸንበቆ ውስጥ ተደብቄአለሁ።»

ከገዥው ጎን የተቀመጠው የቤተ መንግሥት መርማሪ ጣልቃ ገባ። «አብሮህ የተደበቀ ሰው ነበር?»

ሽማግሌው ገዥውን ትክ ብሎ አየው።

«ማንም አልነበረም» አለ።

የገዥው ፊት ፍም መሰለ። በእነዚያ ሦስት ቀናት ሼን ሉ ካባውን አውልቆ አልብሶት፣ ያለችውን አንዲት ቂጣ ቆርሶ አካፍሎት፣ በፍርሃት ሲያለቅስም ጠላት እንዳይሰማው አፉን በእጁ ይዞለት ነበር።

መርማሪው የፍርዱን ጽሑፍ ዘርግቶ አቀረበለት። ገዥው ማኅተሙን አነሳና አሳረፈበት።